ቢላን ትምህርት ቤት የገባችበት ዓመት

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ ለአብዲቃድር፣ ጅቡቲ።

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። አቦዌ ወንድሜ፣ እንደምን ከርመሃል? ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህን የሚይዝህ ያ ሕመም ለቀቀህ ወይስ አሁንም ዕቃ ስታነሳ ይወጋሃል? የወደቡ ሙቀትስ እንዴት አድርጎሃል? እንቅልፍ ታገኛለህ? ባለቤትህ ኻድራ ደኅና ናት? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? ትንሹ ጥርስ አበቀለ የሚለውን መልእክት ፋራህ ሲያደርስልን እናታችን ሆዮ እየሳቀች አለቀሰች። እኛ አልሐምዱሊላህ ሁላችንም በሕይወት አለን። የድሬ ሙቀት እንደምታውቀው ነው፤ ዘንድሮ ዝናቡም ቶሎ ገባና የደቻቱ ወንዝ ሁለት ጊዜ ሞልቶ ወርዷል፤ ቤታችንን ግን አልነካውም። ደኅና ነን ብዬ እዚህ ላይ ባቆም ደስ ባለኝ። ግን ልነግርህ የሚገባ ነገር አለ፤ ከፊሉ አንተንም የሚመለከት ነው።

ይህን ደብዳቤ በፖስታ ቤት አልላክሁትም። ያው ፋራህ፣ ከባለቤቴ ከሰማታር ጋር ምድር ባቡር የሚሠራው፣ ወደ እናንተ በሚወርደው ባቡር ላይ ስለተመደበ በእጁ ነው የሰጠሁት። አንብበህ ስትጨርስ አታስቀምጠው፣ አደራ። በአማርኛ መጻፌም አይግረምህ። ሁለታችንም ፊደል የቆጠርነው በእሱ ነው፤ ደግሞ በሶማሊኛ ጽፌው ፍተሻ ላይ ቢያገኙት ምን ይሉ ይሆን ብዬ ፈራሁ። ዛሬ ዛሬ የማልፈራው ነገር የለም።

ነገሩ ስለ ልጄ ስለ ቢላን ነው። አንተ ስትሄድ ሦስት ዓመቷ ነበር፤ አንተን አጎቷን «አብቲ፣ አብቲ» እያለች ሱሪህን ይዛ የምትጎትትህን አትረሳትም መቼም። በዓመቱ ያ የማጅራት በሽታ ከተማው ውስጥ ገባና እሷንም ጣላት። ታማ ነበር፣ ዳነች ብለን ላክንልህ። ያልነገርንህ፣ ትኩሳቱ ሲለቃት ጆሮዋን ይዞ መሄዱን ነው። በስደት ላይ ሌላ ሐሳብ አንጨምርበት ብለን ነው፤ አትቀየመን። መጀመሪያ ላይ ትናገር ነበር። ከዚያ የምታውቃቸው ቃላት አንድ በአንድ ጠፉባት። መጨረሻ ላይ የቀራት «ቢዮ» ነበር፤ ውሃ ስትፈልግ ብቻ። አንድ ቀን ጠዋት ውሃ ፈልጋ ጣሳውን አነሳችና አሳየችኝ፤ አፏን ግን አልከፈተችም። ከዚያ ወዲህ በእጅ ጥቅሻ ነው የምንኖረው። ብዪ፣ ተኚ፣ ነዪ፣ ተዪ፤ ከዚህ ያለፈ ነገር አልነበረንም። ከደጅ እንድትወጣ አልፈቅድም ነበር። ጥበቃ ቆሞ «ቁሚ!» ቢላት አትሰማምና።

በጥቅምት ወር ቀበሌው ስብሰባ ጠራ። እንደምታውቀው መቅረት አይቻልም፣ ሁላችንም ሄድን። የተነበበው ከላይ የመጣ መመሪያ ነው። ዘንድሮ መስማት የተሳናቸው፣ ማየት የተሳናቸው፣ አካላቸው የተጎዳ ልጆች ሁሉ እንዲመዘገቡ፣ ከእንግዲህ ማንም ልጅ ቤት ውስጥ ተደብቆ እንዳይቀር ይላል። አጠገቤ የተቀመጠችው ጎረቤታችን የሺመቤት፣ የቡልቻ ሚስት፣ «የተሳናቸው ምን ማለት ነው?» ብላ በጆሮዬ ጠየቀችኝ። ደንቆሮና ዕውር ማለታቸው ነው አልኋት። ልጄን እስከዚያን ቀን ያለ ስድብ የጠራት አልነበረም፤ አጠራሩ ሲለሰልስ ግን ይበልጥ ደነገጥሁ። ለምን እንደ ፈለጓት አልገባኝም። ሊቀመንበሩ ከደቻቱ ወዲያ ባለው ትምህርት ቤት መስማት ለተሳናቸው ልጆች ልዩ ክፍል እንደሚከፈት፣ አስተማሪዋም አዲስ አበባ ሠልጥና እንደ መጣች ተናገረ። ቀጥሎ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ልጁን የሚደብቅ ቤተሰብ ከኋላቀር አስተሳሰብ ጋር የቆመ ስለሆነ ከቀበሌው ሱቅ ስኳርም ሳሙናም አያገኝም አለ። አጨበጨብን። እኔም አጨበጨብሁ።

ከስብሰባው ስንወጣ በየመንገዱ የሚወራው ሌላ ነው። አንዷ ልጆቹን ሰብስበው ወደ ኩባ ይልኳቸዋል አለች። ሌላዋ የለም፣ ካምፕ ያስገቧቸዋል አለች። እኔ የትኛውንም አላመንሁም፤ የትኛውንም ግን ከልቤ ማውጣት አልቻልሁም። ወንድማችንን ዓዋሌን የወሰዱት «ለጥያቄ ነው፣ አሁን ይመለሳል» ብለው እንደ ነበረ አንተ ታውቃለህ። ሆዮ የዚያን ቀን ምሳውን ከድና አስቀምጣለት ነበር። የጠሩት ደግሞ እኛው ራሳችን ለስኳር ብለን ባስመዘገብነው ስም ነው። እና የስብሰባውን ወሬ ስነግራት ሆዮ መስገጃዋን አጠፈችና «ከዚህ ቤት ከእንግዲህ የልጅ ስም አይወጣም» አለች። ከዚያ በኋላ ስለዚህ ጉዳይ ከእሷ ጋር መነጋገር አልተቻለም።

መዝጋቢዎቹ እኛ ሰፈር የደረሱት ጠዋት ላይ ነው። ሁለት ናቸው፤ አንዷ ወጣት ሴት፣ ሻሽ ያሰረች፣ ሌላው ጠመንጃ የያዘ የአብዮት ጥበቃ። ከሩቅ እንዳየኋቸው ቢላንን ከሆዮ ጋር የጓዳው ክፍል ውስጥ አስገብቼ በሩን ዘጋሁ። አቦዌ፣ መስማት የማትችልን ልጅ መደበቅ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ማንም አያውቀውም። ዝም በይ ልትላት አትችልም። እሷ እኮ ድምፅ እንዳላት እንኳ አታውቅም። ሴትዮዋ «መስማት የማይችል ልጅ አለ?» ብላ ስትጠይቀኝ የለም አልኋት። ቃሉ ከአፌ እንደ ወጣ ከጓዳ ከፍ ያለ ሳቅ ተሰማ፤ ያ የቢላን ሳቅ፣ ከጉሮሮ የሚወጣ፣ እንደማንም ልጅ ሳቅ ያልሆነ። ሆዮ ዝም ላሰኛት ብላ ስትዳብሳት ኮርኩራት ነው መሰለኝ። ጥበቃው ቀና አለና «ምንድን ነው እሱ?» አለ። ከየት እንደ መጣልኝ አላውቅም፣ «ፍየል ናት» አልሁ። ያን ጊዜ ሴትዮዋ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። ረጅም ጊዜ አየችኝ። ከዚያ ወደ እሱ ዞራ «አዎ ፍየል ናት፤ እንሂድ ጓድ፣ ፀሐዩ ሳይበረታ ቀሪውን ቤት እንጨርስ» አለችው። ሲሄዱ ደጃፉ ላይ ተቀመጥሁ።

ከዚያ በኋላ ያሳለፍሁትን ጭንቅ አልነግርህም። በር በተንኳኳ ቁጥር መጡ እያልሁ እሞት ነበር። ሴትዮዋ ተመልሳ የመጣችው ብቻዋን ነው፤ ቀን፣ ሰው ሁሉ ጫቱን ይዞ በበርጫ ላይ በተኛበት ሰዓት። መሪያም እባላለሁ፣ የልዩ ክፍሉ አስተማሪ እኔ ነኝ አለችኝ። መዝግቢ ተብዬ ነው ከሰውየው ጋር የምዞረው፣ ዛሬ ግን ልመዘግብ አልመጣሁም፣ ልጅቷን ልያት አለች። ምን ላድርግ? አስገባኋት። ቢላን ከሆዮ ጀርባ ሆና አየቻት። መሪያም መሬት ላይ ቁጭ አለችና በጣቶቿ የሆነ ነገር አደረገች፤ ውሃ እንደሚጠጣ ሰው፣ እንደሚበር ወፍ፣ እንደ ድመት ጢም። ቢላን ከሆዮ ጀርባ ቀስ ብላ ወጣች። የድመቱን ጢም መልሳ ሠራችው። ያን ጊዜ የሆዮ ፊት እንዴት እንደ ጠቆረ!

እኔም ፊት ለፊት ጠየቅኋት። «ልጆቹን ትወስዷቸዋላችሁ የሚባለው እውነት ነው?» አልኋት። አልዋሸችኝም፣ ይህን ልመስክርላት። «እዚህ ያለው የመጀመሪያው ክፍል ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ለመማር አዲስ አበባ አዳሪ ትምህርት ቤት መግባት አለ። ማን መቼ እንደሚሄድ እኔን የሚጠይቀኝ የለም፤ አይሄዱም ብዬ ልምልልሽ አልችልም» አለችኝ። ደግሞ ክፍሉ ልጅ ካልሞላ እንደሚዘጋ፣ እስካሁን የመጡት ጥቂት ትልልቅ ልጆች ብቻ እንደሆኑ፣ ያ ከሆነ እሷንም ወደ ገጠር እንደሚያዞሯት ነገረችኝ። እሷም ፈርታ ነበር፤ ስትናገር ወደ በሩ ትመለከት ነበር። ልትወጣ ስትል «ስሟን የምጽፈው አንቺ ራስሽ ስታመጫት ነው። ካላመጣሻት ፍየል ናት» አለችኝ።

ሰማታር ከሥራ ሲመለስ ነገርሁት። እሱ ወዲያው ጀልዴሳ ገጠር ያለችው እናቱ ጋ ትሂድ አለ። እዚያ ቀበሌ አይደርስባትም፣ ከብት ትጠብቃለች፣ ማንም ስሟን አይጠይቅም አለኝ። ልብሷን ቋጠርሁ። ጠዋት ይዟት ሊወጣ ሲል የጀልዴሳ መንገድ ላይ ያሉት ወታደሮች ትዝ አሉኝ። ከጦርነቱ ወዲህ እዚያ መንገድ ላይ የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ ይጠረጠራል። አንዲት ልጅ ፍየል ተከትላ ስትሮጥ፣ ከኋላዋ ወታደር «ቁሚ!» ሲል፣ እሷ ሳትዞር ስትሮጥ ታየኝ። ቋጠሮውን ከእጁ ቀማሁት። «አንዱን ፍርሃት ሸሽተህ ሌላው ጋ ልትወስዳት ነው?» አልሁት። ተጣላን፤ ከተጋባን እንደዚያ ተጣልተን አናውቅም። መጨረሻ ላይ ቁጭ አለና «እሺ፣ አንቺ የምታውቂውን አድርጊ። አንድ ነገር ብትሆን ግን እኔን እንዳታዪኝ» አለ። 

በኅዳር ወር እጇን ይዤ ደቻቱን ተሻግረን ሄድን። ክፍሉ ድሮ የወንበር መጋዘን የነበረ ነው፤ መስኮቱ አንድ፣ ጣራው ቆርቆሮ፣ ሙቀቱ አይጣል ነው። ልጆቹ ከቢላን የሚያንሱም አሉ፣ ጢም ያበቀለም አለ፤ ሁሉም አንድ ክፍል። ሌሎቹ አስተማሪዎች «የደንቆሮዎቹ ክፍል» ነው የሚሉት፤ መመሪያው የለወጠው ወረቀት ላይ ያለውን አጠራር ብቻ ነው። በእረፍት ሰዓት የሌላው ክፍል ልጆች አፋቸውን እያጣመሙ ይቀልዱባቸዋል፤ ጠጠር የሚወረውርም አለ። ቢላን ቀሚሴን ይዛ አልለቅ ብላኝ ነበር። ከዚያ ሁለት ልጃገረዶች ጥግ ላይ ቆመው በጣታቸው ሲያወሩ አየች። አቦዌ፣ በእጃቸው እያወሩ ይሳሳቁ ነበር፣ ሐሜት ይመስል። ልጄ ቀሚሴን ለቀቀችው። ማልቀሷን ጠብቄ ነበር የሄድሁት፤ ሳልጠብቀው ያለቀስሁት እኔ ነኝ።

ከዚያ ወዲህ ያለው ለውጥ ለማመን ይከብዳል። መሪያም ለእያንዳንዱ ልጅ የእጅ ስም ሰጥታዋለች፤ የቢላን ስም ጉንጯ ላይ ያለውን ስርጉድ በጣት መንካት ነው። ስሟን በኖራ ግድግዳ ላይ ጻፈች። የቤቱን ዕቃ ሁሉ እየዞረች በእጇ ትጠራዋለች። እኔ ጠዋት አድርሻት፣ በስድስት ሰዓት አመጣታለሁ፤ ደመና ከተራራው በኩል ሲጠቁር ደቻቱ ሳይሞላ ብዬ ቀድሜ እሮጣለሁ፣ ጎርፍ መጣ ብሎ ሰው ቢጮህ እሷ አትሰማምና። ሆዮ ግን ጠዋት ስንወጣ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። አንድ ጊዜ ብቻ «ልጅ ሲስቅ አይተሽ ታታለያለሽ» አለችኝ።

የሺመቤትም እግሩ የማይራመደውን ልጇን በገዛ ፈቃዷ አስመዝግባ ነበር። ጽፈውት ሄዱ፣ እስከ ዛሬ የጠራት የለም። ትምህርት ቤቱ ሄዳ ብትጠይቅ ደረጃ አለው፣ የሚሸከመው ሰው የለንም አሏት። ያው አንድ መመሪያ ነው። እኔ እንዳይወስዱብኝ እፈራለሁ፣ እሷ እንደ ረሱባት ቀርታለች።

አሁን በግንቦት የሆነውን ልንገርህ። እንደ ልማዴ ልወስዳት ስሄድ ክፍሉ ባዶ ነው። ወንበሮቹ እንዳሉ ናቸው፣ የአንዱ ልጅ ጫማ መሬት ላይ ወድቋል፣ ሰው የለም። ዘበኛውን ብጠይቀው «በመኪና ወሰዷቸው» አለኝ። ማን ወሰዳቸው? የመንግሥት መኪና ነው። የት? እኔ ምን አውቄ። አቦዌ፣ ከዚያ በኋላ እንዴት እንደ ሄድሁ አላውቅም። የደቻቱን አሸዋ በባዶ እግሬ አቋርጬ፣ የከዚራን ሰፈር በዚያ ሁሉ ዛፍ ጥላ ሥር እየሮጥሁ፣ ሰው ሁሉ ቆሞ እያየኝ። አንድ ጋሪ ነጂ «ለገሃር ልጆች አየሁ» ሲለኝ ወደዚያ ዞርሁ። ለገሃር ማለት ባቡር ነው፣ ባቡር ማለት መሄድ ነው።

ደረስሁ። የአዲስ አበባው ባቡር ቆሟል። ልጆቹ ሐዲዱ አጠገብ ተሰልፈዋል፣ አንገታቸው ላይ ቀይ ጨርቅ ታስሮ። ቢላን ከፊት ናት። በሰዉ መሐል ሰንጥቄ ስገባ አንዱ ጥበቃ ጠመንጃውን አግድም ደረቴ ላይ ያዘና ወዴት ነው አለኝ። ልጄ ናት አልሁ። «ወደ ኋላ!» አለኝ። እኔ ግን ስሟን እየጠራሁ ጮህሁ፤ ማን እንዲሰማኝ እንደ ሆነ እንጃ፣ እሷ አትሰማኝ። የሆነ ልጅ ክንዷን ነካ አድርጎ ወደ እኔ ጠቆማት። ቢላን አየችኝ። ከሰልፉ ሳትወጣ በሁለት እጇ ቶሎ ቶሎ ተናገረች። ባቡሩን ጠቆመች፣ እጇ ላይ ያለውን የወረቀት አበባ አሳየች፣ ሌላም ብዙ ነገር አለች። አንድም አልገባኝም። ደገመችልኝ፣ ቀስ ብላ። አሁንም አልገባኝም። እየተናገረችኝ እኔ ከጥበቃው ጋር እታገል ነበር።

መሪያም እየሮጠች መጣችና ጥበቃውን ለምና ወደ ጎን አወጣችኝ። ፊቷ አመድ መስሏል። ከአዲስ አበባ የመጡ እንግዶች አሉ፣ ልጆቹ አበባ ይስጡ ተብለው ድንገት ነው የተወሰዱት፣ ለወላጅ መናገሪያ ጊዜ አልሰጡኝም፣ አበባውን ሰጥተው ወደ ቤት ነው የሚመለሱት አለችኝ። ልጄ ስትነግረኝ የነበረው ይህንኑ ነበር። እንግዳ ነው፣ አበባ ነው፣ ከዚያ ቤት እንሄዳለን፣ አትፍሪ እያለችኝ ነበር።

እንግዶቹ ከባቡር ወርደው አበባውን ተቀበሉ። አንዱ፣ ካኪ የለበሰ፣ ጎንበስ ብሎ ቢላንን በጣቱ ሦስት አሳያት፤ እሷ በጣቷ ቀጥላ እስከ ሃያ ቆጠረችለት። በጣም ደስ አለው። ራሷን ዳበሰና አጠገቡ ላለው ሰው «እንዲህ ያሉት ልጆች እዚህ መቅረት የለባቸውም» አለ። ሰዉ አጨበጨበ። እኔና መሪያም ብቻ ተያየን።

በሰኔ ትእዛዙ መጣ። ከክፍሉ ሦስት ልጆች ለመስከረም አዲስ አበባ አዳሪ ትምህርት ቤት ይገባሉ፤ ከሦስቱ አንዷ ቢላን ናት። እኔ ቀበሌ ሄድሁ። ዓዋሌን ለጥያቄ ካስገቡት ቀን ጀምሮ የሊቀመንበሩን ክፍል ረግጬው አላውቅም። ሊቀመንበሩ ሌላ ሰው ነው፣ ክፍሉ ግን ያው ክፍል ነው፣ ጠረጴዛውም ያው ይመስለኛል። ገና ሰባት ዓመቷ ነው፣ ለዘንድሮ ትቆይልኝ ብዬ ለመንሁ። ሰውየው ክፉ አልነበረም። «አይዞሽ እህቴ፣ ክረምት ክረምት ይመለሳሉ» አለኝ። ልለምነው ስቀጥል ግን ፈገግታውን አቆመ። «መንግሥት በነፃ አስተምርልሻለሁ ሲል እምቢ የምትይበት ምክንያት ምንድን ነው?» አለኝ። ከዚያ ድምፁን ሳይለውጥ «ወንድምሽ ጅቡቲ ነው ያለው፣ አይደል?» አለኝ።  አዎ፣ ሠራተኛ ነው አልሁ። «እሺ፣ ሂጂ» አለኝ።  አንተን የሚመለከት ነገር አለ ያልሁህ ይህ ነው። እባክህ ለጊዜው በማንም ሰው እጅ ዕቃም ወረቀትም አትላክልን፤ በዚህ በኩል ለመምጣትም አታስብ።

ሰማታር ያን ቀን ማታ «በፋራህ በኩል ወደ አብዲቃድር እናውርዳት» አለ። አንተ በሁለት እጅህ እንደምትቀበላት አውቃለሁ፤ ኻድራም ከልጆቿ እንደማትለያት አውቃለሁ። ግን ፍተሻው ላይ ቢይዟቸውስ? ደግሞ በሰላም ብትደርስስ፣ እዚያ በእጇ የሚያናግራት ማን አለ? ያገኘችውን ቃል እንደገና አንድ በአንድ ስታጣው አንተ ቆመህ ማየት ነው የሚቀርህ። እኔ አንድ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ድጋሚ አላይም። ሰማታር ይህን ሰማና በማግስቱ አለቃውን ለምኖ ልጆቹ በሚሄዱበት ባቡር ላይ ተመደበ። እስከ ትምህርት ቤቱ በር ድረስ አብሯት ይሄዳል፤ በሩን በዓይኑ አይቶ፣ አልጋዋን በእጁ ነክቶ ይመለሳል። ለዓዋሌ እንዲህ ያለ ነገር አላገኘንም። ስለዚህ ወስነናል፤ ትሄዳለች። ለሆዮ ስነግራት አልጮኸችም። ተነሥታ የቢላንን ቀሚስ ጫፍ መስፋት ጀመረች፤ ስለ ጉዞው እስካሁን አላናገረችኝም።

ለእኔ ግን ከመሄዷ ይልቅ የከበደኝ ነገር ነበር። ባቡር ላይ ስትጫን ምን ይመስላታል? እናቴ ሰጠችኝ ቢመስላትስ? ለሌላ ልጅ ትነግረዋለህ፣ ታባብለዋለህ፤ እኔ ከብዪና ከተኚ በቀር ምን አለኝ? ስለዚህ ክረምቱን መሪያም ቤት እየሄድሁ ለመንኋት፤ እሷ እንኳ የሚቀጥለው ዓመት እዚሁ እንደምትቆይ አታውቅም። የእጁን ቋንቋ ታስተምረኝ ጀመር። ጣቴ ደንድኗል፣ ይሰባበርብኛል፤ ቢላን እጄን ይዛ ታቀናልኛለች፣ ሲሳሳትብኝ ትስቅብኛለች። ትምህርት ቤት፣ ሩቅ፣ ባቡር፣ አባትሽ አብሮሽ፣ እናትሽ ትወድሻለች፤ ይህን ሁሉ ተማርሁ። ትናንት ዝናቡ ሲያባራ ደጃፉ ላይ ቁጭ አድርጌ ነገርኋት። ባቡሩን ነገርኋት፣ ልጆቹን ነገርኋት። መጨረሻ ላይ እጄን ወደ ሩቅ ልኬ መልሼ ወደ ደረቴ አመጣሁና «ትመለሻለሽ» አልኋት።

ገባት፣ አቦዌ። ሁሉም ገባት። አላለቀሰችም። እጄን አየች፣ ፊቴን አየች፣ ከዚያ አመልካች ጣቷን በሌላው ጣቷ ላይ አዙራ አሳረፈችውና ቅንድቧን አነሳች። ይህን ምልክት አላውቀውም ነበር። ጠዋት መሪያም ጋ ሄጄ ሠርቼ አሳየኋት። «መቼ? ማለቷ ነው» አለችኝ። ያልተመለሰውን ዓዋሌን እያሰብሁ ቆምሁ። ቢላን ዛሬም ሁለት ጊዜ ጠየቀችኝ። መስከረም ሳይገባ የምመልስላትን አንተ ታውቅ እንደሆን በፋራህ በቃል ላክልኝ።

ለኻድራ ከልብ የሆነ ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ ልጆቿን አላህ ጆሮና ዓይናቸውን ይጠብቅላት በላት። ለትልቁ ልጅህ ለሞሐሙድ፣ አክስትህ ቁመትህ ስንት ደረሰ ትላለች በለው። ጥርስ ያበቀለውን ትንሹን በሁለቱ ጉንጮቹ ሳምልኝ። ሰማታር ሰላም ብሎሃል፤ ብዙ ማለት ይፈልግ ነበር፣ ብዕሩን ይዞ ቆየና መልሶ ሰጠኝ። የሺመቤትና ቡልቻ ሰላም ብለውሃል። ሆዮ ይህን ስጽፍ ከአጠገቤ ናት፤ ለአብዲቃድር ምን ልበለው ስላት «ባለበት ይቆይ፣ ስሙን ለማንም አይስጥ» ብላሃለች። ቢላን ደግሞ ለማን እንደምጽፍ ጠይቃኝ የእናትሽ ወንድም ብያት፣ እጇን አውለብልባልሃለች። አላህ ሁላችንንም በደኅና ያገናኘን። አሚን።

እህትህ ናፊሳ

ድሬዳዋ፣ ነሐሴ ፲፪ ቀን ፲፱፻፸፬ ዓ.ም.